በክረምት የተፈተነው በር

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ በር ነው። ስለ በር ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እኔም በዚያ በር ምክንያት ከሥራ እስክባረር ድረስ በር ማለት የሚከፈትና የሚዘጋ እንጨት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከመቱ ጠዋት በጭነት መኪና የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርስባታል። በሩን ያዩት ያውቋታል፤ ላላዩት ስሟ ምንም አይጠቅማቸውም። እኔ መቱ ዘመድ ቤት ተቀምጬ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ የተመለስኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፣ የመጣልኝን ሳልናገር አላድርም። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮው የማይሰማ መሆን አለበት» ትለኝ ነበር። በዚህ ጠባዬ ነው እንግዲህ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ የተቀጠርኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳኞቹ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። የአገሬው ሰው ገበያ ላይ አማርኛውን እንደ ልቡ ቢናገርም ችሎት ፊት ሲቆም ቃሉ ሁሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እደግመዋለሁ። ስቀጠር መጽሐፍ መትቼ ምያለሁ፦ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላቀርብ። ሴት ስለሆንኩ በዝግ ችሎት የሚታየው የሴቶች ጉዳይ ሁሉ ለእኔ ይሰጥ ነበር።

ለዝግ ችሎቱ ብለው አንዲት አዲስ ክፍል አሠርተው ነበር። በሯ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው። ሰብሳቢው ዳኛ በዚያ በር የነበራቸው ኩራት የልጅ ያህል ነው። የተሠራው በክረምት ስለነበር እንጨቱ ርሶ አብጦ በመቃኑ ውስጥ አልገባ አለ። አናጢው ተጠርቶ ላገው፤ አሁንም ተጣበቀ፤ እንደገና ተጠርቶ ላገው። በመጨረሻ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ሰብሳቢው «አሁን ይፈተን» አሉ።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ሐምሌ ነው። ሰብሳቢው ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ዳዊት በጩኸት ደገሙ። እኛ፣ ማለት ግራና ቀኝ ዳኞቹ፣ ከአውራጃ ግዛቱ የመጣው ሹም፣ ጸሐፊው ጋሼ ወልዴና እኔ፣ ውጭ በረንዳው ላይ ቆመን ጆሯችንን ቀሰርን። ምንም። ሹሙ እጁን አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ «በሩ ድምፅ የማያሳልፍ መሆኑ ተረጋግጧል» ተባለ፤ ሹማምንቱ ፈረሙ።

እንዴት እንሰማ? ከላያችን የቆርቆሮ ጣራ አለ፤ በቆርቆሮው ላይ የኢሉባቦር ሐምሌ ይወርድበታል። አጠገቤ የቆሙት ጋሼ ወልዴ ሲያስሉ እንኳ አፋቸው ሲከፈት አየሁ እንጂ ሳሉን አልሰማሁም። ግን አንዳችንም ዝናብ አለ አላልንም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን «ዝናቡ ያባራና እንፈትነው» ይል ነበር። የእኛ አገር ሰው ግን ዝናብ አይሰማም። የዓመቱን አብዛኛውን ወር ሲወርድብን የሚኖር ነገር ስለሆነ እንደ ግድግዳ ቆጥረነዋል። ከሸዋ የመጡትም ሰንብተው እንደኛ ሆነዋል።

ከዚያ በጋ ገባ። ዝናቡ ቆመ፤ ያ ያበጠ ዋንዛ ደረቀ፤ ሲደርቅ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተላገበት ሁሉ ታየ። በበሩ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። በሳንቃና በሳንቃው መካከል ፀሐይ ትገባለች። ይህን የማያውቅ ቤት በከተማችን የለም። የእናቴ በር በክረምት በእርግጫ ካልሆነ አይከፈትም፣ በበጋ ዶሮዎቹ ከሥሩ ሾልከው ይገባሉ። ሁላችንም የየቤታችንን በር እናውቃለን። የፍርድ ቤቱ በር ግን ቃለ ጉባኤ ስላለው ከእንጨትነት የወጣ መሰለን።

ጥር ላይ አዴ ጫልቱ መጡ።

አዴ ጫልቱ፣ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው፣ ከያዮ በኩል የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ቡናና ማር ሸጠው የሚኖሩ። ደረጀ የሚባል የባላባት ልጅ ሌሊሴ የምትባለውን ልጃቸውን ከወንዝ መንገድ ጠልፏት ነበር። ልጅቱ ከተዘጋባት ጎጆ የኋላውን ግድግዳ ፈልቅቃ አመለጠች። እናትዮዋ ደበቋትና ከሰሱ። የደረጀ ወገኖች ልጅቱን አግኝተው መልሰው ሊወስዷት አገሩን እያሰሱ ነው። ቤቱ ከገባችና ሽማግሌ ከተላከ ክሱ ያከትማል፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ነበር የተንጠለጠለው፦ ልጅቱ የት እንዳለች አለመታወቁ ላይ።

የዚያን ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር የደረጀ አጎት ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ባላምባራስ ነው። አንቱ ልለው አልፈልግምና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ገባን፤ በሩ ተዘጋ። አዴ ጫልቱ በሕይወታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩ አይመስለኝም። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ይነግሩኛል፣ እኔ እደግመዋለሁ። ሰብሳቢው ደግሞ «ጮክ በይ፣ ለጸሐፊው አይሰማም» ይሉኛል። እናት ለሴት ልጅ ብቻ የምትነግረውን ነገር እየተንሾካሾኩ ነገሩኝ፤ እኔ ጮክ ብዬ ለዳኞቹ አቀረብኩት። ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም። በዚያ በር በኩል አንዴ ወጥቷል፤ ይበቃል።

ለዕረፍት ተነሣን። ከአዴ ጫልቱ ጋር ውኃ ልጠጣ ስወጣ ባላምባራሱ ፈገግ ብሎ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ድምፅሽ ያምራል። ሬዲዮ ነሽ እኮ።»

ሁለቱ ሳቁ። አንደኛው ዓይኑን ወደ አዴ ጫልቱ ወርወር አደረገና ከደቂቃዎች በፊት ውስጥ ያልኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በእኔው አማርኛ፣ በእኔው አነጋገር፣ ቃል ሳያጓድል ደገመው። ከዚያ «እውነት ይቺ አሮጊት እንዲህ ብላ ነው ወይስ አንቺ አሳምረሽው ነው?» አለኝ።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። አዴ ጫልቱ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እየሮጥኩ ተመልሼ ገባሁ። ሰብሳቢው ወረቀት ያገላብጣሉ፤ ጋሼ ወልዴ ብዕራቸውን ይጠርጋሉ።

«ጌታዬ፣ በሩ ያሰማል።»

«ምን?»

«ውጭ የተቀመጡት ሁሉንም ሰምተዋል። ያልኩትን መልሰው ነገሩኝ።»

«በሩ ተፈትኗል።»

«በሐምሌ ነው እኮ የተፈተነው። ዝናብ ነበር።»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ዝናብ የሚል የለም» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

«እንግዲያው እኔ ልውጣና እርስዎ ይናገሩ፤ የሰማሁትን...»

«ወይዘሪት፣ አንቺ ነሽ ይህን ፍርድ ቤት የምትፈትኚው?»

«ቢያንስ ሰዎቹ ከበረንዳው ይነሡ። እዚያ ማዶ ዛፉ ሥር ይቀመጡ።»

«ሕዝብ በረንዳ ላይ የመቀመጥ መብት አለው። የተዘጋው ችሎቱ ነው፣ በረንዳው አይደለም። ሴትዮዋን አስገቢያቸው።»

ጋሼ ወልዴን አየኋቸው። የሳቸው ወንበር ለበሩ ከሁላችንም ይቀርባል፤ ከሥሩ የሚገባው ነፋስ ወረቀታቸውን ስለሚያነሣባቸው ድንጋይ ይጭኑበታል። ዓይናቸውን ወደ ድንጋዩ መለሱ።

አዴ ጫልቱ ገቡ። የሰብሳቢው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ሆነ፦

«ልጅቱ አሁን የት ነው ያለችው? ፍርድ ቤቱ አስጠርቶ ሊጠይቃት ይፈልጋል። ዝግ ችሎት ስለሆነ ሳይፈሩ ይናገሩ በያቸው።»

ሳይፈሩ። እኔ ወደ በሩ ሥር አየሁ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ብርሃን መኖር ነበረበት፤ በብርሃኑ ፋንታ ሁለት ጫማ ቆሟል።

«አንድ ጊዜ ይመልከቱ፣ ጌታዬ፣ ከበሩ ሥር...»

«አስተርጉሚ።»

አስተረጎምኩ። አዴ ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ተጠጉና፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ሶር ወንዝ አጠገብ፣ ወፍጮ ያላት እህታቸው ቤት እንዳለች ነገሩኝ። «አንቺን አምኜ ነው» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምን አሉ? ጮክ በይ» አሉ ሰብሳቢው።

አንባቢ ሆይ፣ መሐላዬን አልረሳሁትም። መጽሐፉን የመታሁበት እጄ እንኳ ትዝ አለኝ። ግን ያን ቃል በአማርኛ ጮክ ብዬ ባወጣው ከእኔ አፍ እስከዚያ ጫማ ድረስ የሚያግደው ምን ነበር? ሕጉ? ቃለ ጉባኤው?

«ቡሬ ናት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቡሬ ከተማ፣ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ በር ያለው ግቢ ውስጥ። ቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ወንድ የለም።»

አዴ ጫልቱ ቡሬ የሚለውን ሰሙ፤ ቀና ብለው አዩኝ። በኦሮምኛ ዝቅ አድርጌ «ሂንሶዳቲና» አልኳቸው፤ አይፍሩ ማለቴ ነው። ጋሼ ወልዴ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ አዴ ጫልቱ ሶር ሲሉ ከከንፈራቸው ሳይረዱ አልቀሩም። ብዕራቸው አየር ላይ ቆመ። እኔን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ቡሬ» ብለው ጻፉ።

ከበሩ ሥር ያሉት ጫማዎች ጠፉ። ብርሃኑ ተመለሰ።

ጥቂት ታገሥኩና ፈቃድ ሳልጠይቅ ተነሥቼ በሩን ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። አግዳሚው ባዶ ነው። መንገዱ ላይ የባላምባራሱ ላንድሮቨር አቧራውን እያቦነነ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ሲታጠፍ ሁላችንም አየን።

«ይኸው፣ ጌታዬ። ሰምተዋል፣ ሄደዋል። ልጅቱ ግን ቡሬ የለችም። ዋሽቻለሁ። አሁን በረንዳው ባዶ ስለሆነ እውነቱን ላቅርብ።»

ሰብሳቢው ብድግ አሉ።

«በመሐላሽ ላይ... ሐሰተኛ ትርጉም አቀረብሽ?»

«አዎ።»

«እነሱስ እንዴት ነው ያወቁት? አንቺ ነግረሻቸው ነው። በዕረፍት ሰዓት ከባላምባራስ ጋር ቆመሽ ስትሥቂ በተከፈተው በር አይቻለሁ።»

«እኔ ስሥቅ?»

«ሲሥቁ ነበር።»

«እነሱ ናቸው የሣቁት። በምን እንደሣቁም ነግሬዎታለሁ።»

«ይህ በር ድምፅ አያሳልፍም» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ስለዚህ ምስጢሩን ያወጣው ሰው ነው።»

እስቲ አስቡት። ሰውየው የተከፈተ በር አጠገብ ቆመው ነው ይህን የሚሉኝ። በሩ ከነቀዳዳው ነጻ ወጣ፤ እኔ ተጠረጠርኩ።

ክርክሩን ትቼ ወደ ስልክ ቤት በረርኩ። ያልኩት ቀይ በር የአጎቴ በር ነው። አጎቴ እዚያው በኢሉባቦሯ ቡሬ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ወንድ የሌለበት ቤት ብዬ የነገርኳቸው እሱ በወር ሦስት ቀን እንኳ የማይጠፋበት ቤት ነው።

«ጋሼ፣ እንግዳ ይመጣብዎታል።»

«የማነው እንግዳ?»

«የባላምባራስ ሰዎች። ጠልፈዋት ያመለጠቻቸውን ልጅ እዚያ ያገኟት መስሏቸዋል።»

አጎቴ «ምሳ ይበላሉ?» አለኝ።

«ምሳውን ይተዉት። ገመድ ይኑርዎት።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ውስጥ ነው የገባሽው?» አለና ስልኩን ዘጋ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። መንገድ ላይ ደረጀን ራሱን አሳፍረው፣ አጥሩን ዘለው ገቡ። አጎቴና ሁለት ፖሊሶች በአጥሩ ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ደረጀ በእጁ ቡልኮ ይዞ ነበር፤ ልጅቱን ጠቅልሎ ሊወስድበት።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቡሬ የሚለውን ቃል እኔ የፈጠርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። በዕረፍት ሰዓት ላወራው አልችልም፤ ያኔ ገና አልተፈጠረም። በመስኮት አይወጣ፣ መስኮቱ ማዶ ነው። ይህን ሁሉ ለሰብሳቢው ተናገርኩ። «በጉባኤ ይታያል» አሉኝ።

ጉባኤው በሳምንቱ ተቀመጠ። የት? እዚያችው ክፍል ውስጥ፤ ምስጢር ነዋ። ሰብሳቢው፣ ሁለቱ ዳኞች፣ ያ በሐምሌ ያጨበጨበው ሹምና ጋሼ ወልዴ ገቡ። እኔ እስክጠራ ውጭ ጠብቂ ተባልኩ። የት ልጠብቅ? አግዳሚው ላይ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አለ የሹሙ ድምፅ። «እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የውጩን ሰው ሳል እየሰማሁ ነው።»

«አጣሁት መሰለዎት?» አሉ ሰብሳቢው። «ግን በሩ ያሰማል ካልን፣ በጋው ከገባ ወዲህ እዚህ ውስጥ ቃላቸውን የሰጡት ሴቶች ሁሉ ምን ሊሉን ነው? ማን ፈተነው፣ ማን ፈረመ ሊባል ነው። እርስዎም ፈርመዋል።»

«ዋሽታም ቢሆን ልጅቷን አድናለች» አለ አንዱ ዳኛ።

«አድናለች። ግን መሐላ አፍርሳለች፤ እሱም እውነት ነው። አንድ ሰው መሄድ አለበት። በር አይባረርም።»

«ጋሼ ወልዴስ ምን ይላሉ? እዚያው ነበሩ።»

እንደዚያን ጊዜ ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠግቼ አላውቅም። ጋሼ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አሉ። «የተባለውን እጽፋለሁ እንጂ እኔ የምለው የለም።»

ተጠራሁ። ገባሁ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አስተካክለው «ጉባኤው ነገሩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ...» ብለው ጀመሩ።

«አይድከሙ፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «በር አይባረርም ብለዋል፤ ልክ ነው። ሹሙ ደግሞ ሳል ሰማሁ ያሉት የእኔን ሳል ነው። ጋሼ ወልዴ፣ እርስዎም የሚሉት የለም ብለዋል፤ እሱንም ሰምቻለሁ።»

ሹሙ ወደ መሬት አየ። ጋሼ ወልዴ ድንጋዩን ከወረቀቱ ላይ አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። ሰብሳቢው ፊታቸው ደም መሰለ።

«ማን ነገረሽ?»

«በሩ።»

ተባረርኩ። ምክንያቱ «ሐሰተኛ ትርጉም» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም። ያንገበገበኝ መባረሬ አይደለም። አምስት ትልልቅ ሰዎች እውነቱን እያወቁ፣ እውነቱን እየተናገሩ፣ ከዚያው ክፍል ሌላ ነገር ጽፈው መውጣታቸው ነው። ሳያውቁ ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር። በሐምሌው ቀን አላወቅንም፤ እኔም ከነሱ ጋር ቆሜ ነበር። በጥር ግን የማያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። የትም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የበሩን ሥር ነው። «እዚህ ማንም አይሰማንም፣ ተናገሪ» የሚለኝን ሰው «እስቲ አንተ ውጣና ልናገር» እለዋለሁ። ይህን የምታነቡ ሴቶችም፣ ዝግ ነው ሲሏችሁ ዝግ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ማኅተሙን አትዩ፣ ክፍተቱን እዩ። አሁን መቱ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ሌሊሴም እኔ ዘንድ ሆና ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

የአዴ ጫልቱ ጉዳይ የካቲት ላይ እንደገና ተቀጠረ፤ አዲስ አስተርጓሚ ተተክቷል። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው በረንዳው ላይ የመቀመጥ መብቴን ተጠቅሜ ከአግዳሚው ተቀመጥኩ። አጠገቤ የደረጀ ወገኖች አሉ፤ ጆሯቸውን አዘጋጅተዋል።

አዴ ጫልቱ በዚያ ፀሐይ ከባድ ቡልኮ ተሸክመው መጡ። ዘበኛው ሣቀ።

«አዴ፣ በበጋ በረድዎት እንዴ?»

«እኔን አይደለም» አሉ። «በሩን ነው የበረደው።»

ገቡ። በሩ ሲዘጋ አየሁ። ከሥሩ ያለው ብርሃን አንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ ቡልኮው ወደ ክፍተቱ ሲጠቀጠቅ ጫፉ ወደ እኛ ብቅ አለ። ውስጥ ሰብሳቢው «ይህ ምንድን ነው፣ ያንሡት» ሲሉ በሳንቃው መካከል ሰማሁ። የአዴ ጫልቱም ድምፅ ተሰማኝ፤ ከፍ ብሎ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፣ በተሰባበረ አማርኛ፦ «ይህ ካልተደረገ እኔ አልናገርም።» ከዚያ የቀረው የቡልኮ ጫፍ ሳንቃው ላይ ሲሰቀል የብርሃን ስንጥቆቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

ያን ቀን ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። የደረጀ ወገኖች ተነሥተው ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተያዩ፣ ተቀመጡ። እኔም ጆሮዬን አቀናሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም።

አንዲት ቃል አልሰማሁም።